ስም ለሌላቸው አፅሞች ስም የፈለጉት ዶክተር ክላይድ ስኖው

በአርጀንቲና ርዕሰ ከተማ በቡዌኖስ አይረስ ዙሪያ በሚገኙ መካነ መቃብሮች ይሠሩ የነበሩ ጸሐፊዎች የሚቀበረውን ሰው ሁሉ በመዝገብ የማስፈር ግዴታ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1983 አገሪቱን የገዛው ወታደራዊ መንግሥት ዜጎችን ከየቤታቸው እየወሰደ ደብዛቸውን ባጠፋበት ዘመንም ይህ ሥራ አልተቋረጠም። ጸሐፊዎቹ የጸጥታ ኃይሎች ማንነታቸውን ሳይገልጹ ለሚያመጧቸው አስከሬኖች በስም ቦታ «ኤን ኤን» የሚሉ ሁለት ፊደላትን ያሰፍሩ ነበር፤ ትርጉሙም ስሙ ያልታወቀ ማለት ነው። ከዚያም የተቀበረበትን ቀን፣ ፆታውን፣ ግምታዊ ዕድሜውንና የሞቱን ምክንያት እንደ ደንቡ ይመዘግባሉ። ከዓመታት በኋላ እነዚያን መዝገቦች ገልጠው በማንበብ፣ መቃብሮቹንም በጥንቃቄ በማስከፈት የመንግሥትን የግድያ ተግባር ለፍርድ ቤት በማስረጃ ካቀረቡት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሱት አሜሪካዊው የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ሊቅ ዶክተር ክላይድ ስኖው ናቸው።

ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ የሰውን አፅም በመመርመር የሟችን ማንነትና የአሟሟቱን ሁኔታ ለሕግ አካላት የሚያስረዳ የሙያ ዘርፍ ነው። ዶክተር ስኖው ይህን ሙያ ከግለሰብ የወንጀል ጉዳይ አውጥተው መንግሥታት በገዛ ዜጎቻቸው ላይ ለፈጸሙት ግፍ ማስረጃ እንዲሆን አድርገውታል። እርሳቸው ያሠለጠኗቸው ባለሙያዎችም ወደ አገራችን መጥተው በቀይ ሽብር ሰለባዎች መቃብር ላይ ሠርተዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክላይድ ኮሊንስ ስኖው ጃንዋሪ 7 ቀን 1928 በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ፎርት ዎርዝ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ያደጉት ራልስ በተሰኘች የዚያው ግዛት አነስተኛ ከተማ ሲሆን፣ አባታቸው በአካባቢው የገጠር ሐኪም ነበሩ። ታዳጊው ክላይድ አባቱ ሕሙማንን ለማከም ሲሄዱ እየተከተለ ልደትንም ሞትንም በለጋ ዕድሜው ለማየት በቅቷል።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ለአደን በወጡበት ወቅት የሰውና የአጋዘን አጥንቶች ተደባልቀው ተገኙ። አባታቸው አጥንቶቹን አንድ በአንድ እየለዩ የሰውን ከእንስሳው አስቀመጡ። አብሮ የተገኘው ቁልፍም ከዓመታት በፊት ለአደን ወጥቶ የቀረው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ አስቻለ። ይህ አጋጣሚ በልጁ አእምሮ ውስጥ ተቀርጾ ቢቀርም የሕይወቱን አቅጣጫ ወዲያውኑ አልወሰነውም።

እንዲያውም የዶክተር ስኖው የትምህርት ዘመን ቀጥተኛ ጉዞ አልነበረም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸው በሥነ ሥርዓት ጉድለት ከትምህርት ቤት በመባረራቸው ወላጆቻቸው በኒው ሜክሲኮ ወደሚገኝ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ላኳቸው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1951 ከምሥራቅ ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛውን በሥነ እንስሳት በ1955 ከቴክሳስ ቴክ ተቀበሉ። በአየር ኃይል የሕክምና አገልግሎት ክፍል ከሠሩ በኋላ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1967 በአንትሮፖሎጂ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ለሙያቸው የተዘጋጁት ረጅምና ጠመዝማዛ መንገድ ተጉዘው ነው።

ከ1960 ጀምሮ በኦክላሆማ ሲቲ በሚገኘው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የምርምር ተቋም የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው አገልግለዋል። ሥራቸው ከአውሮፕላን አደጋ ማን እንደሚተርፍና ማን እንደሚሞት፣ ምክንያቱም ምን እንደሆነ ማጥናት ነበር። መንገደኛው ከበሩ ምን ያህል እንደራቀ፣ ዕድሜውና ፆታው ከአደጋው ለማምለጥ ምን ያህል እንደሚወስኑ ከባልደረቦቻቸው ጋር መርምረዋል። መቀመጫዎችና ቀበቶዎች ከሰው አካል ጋር እንዲጣጣሙ የሰውነት ልኬቶችን ሰብስበዋል። በዚሁ ተቋም ከምትሠራው የሕክምና ሠዓሊ ቤቲ ፓት ጋትሊፍ ጋር በመሆንም በራስ ቅል ላይ የሥጋውን ውፍረት በልኬት እያስቀመጡ የሟችን ፊት መልሶ የመቅረጽ ዘዴ አዳብረዋል።

ለብዙ ሰው አጥንት ግዑዝ ነገር ቢሆንም ለባለሙያ ግን የሕይወት ታሪክ መዝገብ ነው። የዳሌ አጥንት ቅርጽ ሟቹ ወንድ ይሁን ሴት ያመለክታል። የጥርስ አበቃቀልና የአጥንት ጫፎች መገጣጠም የልጅንና የወጣትን ዕድሜ ለመገመት ያስችላል። ከጭን አጥንት ርዝመት ቁመት ይሰላል። በልጅነት የተሰበረና የጠገነ ክንድ የዘላለም ምልክት ይተዋል፤ በሞት ሰዓት የደረሰ ስብራት ግን የመዳን ምልክት የለውም። ጥይት የራስ ቅልን ሲበሳ በገባበትና በወጣበት በኩል የሚተወው ቀዳዳ ስለሚለያይ ተኩሱ ከፊት ይሁን ከኋላ መለየት ይቻላል። እነዚህ ምልክቶች ከሟቹ የሕክምና ፋይል፣ ከጥርስ ሐኪም መዝገብና ከራጅ ፊልም ጋር ሲመሳከሩ ስም ያልነበረው አፅም ስሙን ያገኛል።

የዶክተር ስኖው ስም በአገራቸው ጎልቶ የወጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ግድያ እንደገና ሲያጣራ የራጅ ፊልሞቹ የፕሬዚዳንቱ መሆናቸውን በማረጋገጥ ሥራ ተሳትፈዋል። በቺካጎ አቅራቢያ 33 ወጣቶችንና ታዳጊዎችን የገደለው ወንጀለኛ በ1978 ከተያዘ በኋላ ሰለባዎቹን በመለየት ረድተዋል። ሜይ 25 ቀን 1979 ደግሞ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከቺካጎ ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ እንደተነሳ ተከስክሶ 273 ሰዎች ሞቱ። ዶክተር ስኖው ለሳምንታት በዚያ ቆይተው የተበታተኑ አካላትን በመለየቱ ሥራ ሲሳተፉ፣ የሟቾችን መረጃና የአፅሞቹን ልኬት በኮምፒውተር የሚያመሳክር ዘዴ ሥራ ላይ እንዲውል አድርገዋል፤ ይህም በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት የመንግሥት ሥራቸውን ለቀው በግል አማካሪነት መሥራት ጀመሩ።

ሕይወታቸውን ለሁለት የሚከፍለው ዓመት ግን 1984 ነው። በአርጀንቲና ወታደራዊው አገዛዝ አብቅቶ በዲሴምበር 1983 በሕዝብ የተመረጠ መንግሥት ሥልጣን ይዞ ነበር። ደብዛቸው የጠፉ ሰዎችን ጉዳይ እንዲያጣራ የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚሽን 8 ሺህ 961 የጠፉ ሰዎችን ጉዳይ መዝግቦ ሪፖርት አቅርቧል፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ቁጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ይገልጻሉ። ዳኞች መቃብሮች እንዲከፈቱ ቢያዝዙም ሥራው ሙያውን ለማያውቁ የመቃብር ሠራተኞች ተሰጠ። በቡልዶዘርና በአካፋ የተዛቀው አፅም ተሰባበረ፤ የአንዱ ከሌላው ተደባለቀ፤ በአፈር ውስጥ የነበሩ ጥይቶችና ጥርሶችም ጠፉ። ልጆቻቸውን የሚፈልጉ ቤተሰቦች የመጨረሻው ማስረጃ በዓይናቸው ፊት ሲወድም ተመለከቱ።

ኮሚሽኑና የልጅ ልጆቻቸውን የሚፈልጉ አያቶች ማኅበር የውጭ ሳይንቲስቶችን እርዳታ በመጠየቃቸው፣ የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር በጁን 1984 የላከው ቡድን ዶክተር ስኖውን ይዞ ቡዌኖስ አይረስ ገባ። እርሳቸውም ያዩት አሠራር በአስቸኳይ እንዲቆም ጠየቁ። ይሁን እንጂ ሥራውን በሥርዓት የሚሠራ ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም። የአገሪቱ አንጋፋ ባለሙያዎች ወታደሮቹ ተመልሰው ሥልጣን ይይዙ ይሆናል በሚል ስጋት አመነቱ፤ አንዳንድ የፖሊስ ሐኪሞችም የሐሰት የሞት ማስረጃ በመፈረም ከአገዛዙ ጋር ተባብረው ስለነበር አመኔታ አልነበራቸውም። በመጨረሻ የተገኙት ጥቂት የሕክምና፣ የአርኪዮሎጂና የአንትሮፖሎጂ ተማሪዎች ነበሩ። ዕድሜያቸው በሃያዎቹ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ወጣቶች በፍርሃት ተውጠው ወደ መጀመሪያው መቃብር ሄዱ።

ዶክተር ስኖው ለወጣቶቹ በመጀመሪያ ያስተማሯቸው ትዕግሥትን ነው። መቃብሩ በገመድ ተከፋፍሎ ይለካል፤ አፈሩ በብሩሽና በትንንሽ መሣሪያዎች ይነሳል፤ የተነሳውም በወንፊት ይነፋል። አንድም አጥንት ፎቶግራፍ ሳይነሳና በፎርም ላይ ሳይመዘገብ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሐዘንን በሚመለከትም ጥብቅ መርሕ ነበራቸው፤ በሥራ ሰዓት ሥራው ይሠራል፤ ልቅሶው ለማታ ይቆያል። ከዚህ የሥልጠና ጅማሮ የተመሠረተው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን በኋላ ከሠላሳ በሚበልጡ አገሮች ሠርቷል።

በመግቢያችን የጠቀስናቸው የመቃብር መዝገቦች ዋጋ የታየውም በዚህ ጊዜ ነው። ዶክተር ስኖው በቡዌኖስ አይረስ ክፍለ ሀገር መካነ መቃብሮች ከ1970 እስከ 1984 ስማቸው ሳይታወቅ የተቀበሩ ሰዎችን መረጃ ሰብስበው እንደ ወረርሽኝ ጥናት ተነተኑት። በተለመደው ጊዜ ስም ሳይኖራቸው የሚቀበሩት በአብዛኛው ደጋፊ የሌላቸው አረጋውያን ናቸው። ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ግን ቁጥሩ በድንገት አሻቀበ፤ የሟቾቹ ዕድሜ ወደ ወጣትነት ወረደ፤ ከተፈጥሮ ሞት ይልቅ የጥይት ቁስል በዛ። አገዛዙ ሰዎችን የሰወረው በምስጢር ቢሆንም፣ ተግባሩ በዝቅተኛ ጸሐፊዎች እጅ በየቀኑ በተጻፈው መዝገብ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ቀርቶ ነበር።

ዘጠኙ የወታደራዊው መንግሥት አዛዦች በ1985 በሲቪል ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ዶክተር ስኖው በባለሙያ ምስክርነት ተጠሩ። በስላይድ እያሳዩ ካብራሯቸው ጉዳዮች አንዱ በ1977 ነፍሰ ጡር ሳለች የተያዘች የሃያ አንድ ዓመት ወጣት አፅም ነው። አገዛዙ በተኩስ ልውውጥ እንደሞተች አስታውቆ ነበር። የራስ ቅሏ ግን ከቅርብ ርቀት እንደተተኮሰባት አረጋገጠ። ዶክተር ስኖው በዳሌ አጥንቷ ላይ ባዩት ምልክት ከመሞቷ በፊት መውለዷንም ገለጹ። ከእስር የተረፉ ሰዎች በባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ውስጥ ወንድ ልጅ መውለዷን መስክረዋል። ዲሴምበር 9 ቀን 1985 በተሰጠው ፍርድ አምስት አዛዦች ጥፋተኛ ሲባሉ፣ ከእነርሱም ሁለቱ የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደባቸው። አራቱ በነፃ ተለቀቁ።

ይህ ድል ግን ብዙ አልቆየም። በ1986 እና በ1987 የወጡ ሕጎች ተጨማሪ ክሶችን ዘጉ፤ የተፈረደባቸው አዛዦችም በ1990 በይቅርታ ወጡ። አንዳንድ የጠፉ ሰዎች እናቶችም ገዳዮቹ ሳይጠየቁ አፅም መቀበል ጉዳዩን እንደመዝጋት ይቆጠራል በማለት ቁፋሮውን ተቃውመዋል። ቡድኑ ግን ፍርድ ቤት በሌለበት ጊዜም አፅሞቹን በቁጥር፣ ፎርሞቹን በቅደም ተከተል አስቀምጦ ሥራውን ቀጠለ። ሕጎቹ በ2003 በምክር ቤት ተሽረው በ2005 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን የሚጻረሩ ናቸው ሲባሉ፣ በሃያ ዓመታት ውስጥ የተጠበቀው ማስረጃ ለአዳዲስ ክሶች ደረሰ። በስላይድ የታየችው ወጣት ልጅም በ2008 በዘረመል ምርመራ ተገኝቶ ከእናቱ ቤተሰብ ጋር ተገናኘ። በዳሌ አጥንት ላይ የሚታየው ምልክት ብቻውን መውለድን በእርግጠኝነት እንደማያሳይ የዛሬው ሳይንስ ያስገነዝባል፤ በዚህች ወጣት ጉዳይ ግን የምስክሮቹም የዶክተሩም ቃል እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

በዚያው በ1985 በብራዚል ኤምቡ በተባለ ስፍራ በሐሰት ስም ተቀብሮ የተገኘው አፅም የናዚው ሐኪም የጆሴፍ ሜንጌሌ ስለመሆኑ ከመረመሩት ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች መካከል ዶክተር ስኖው ይገኙበታል። የባለሙያዎቹ መደምደሚያ በ1992 በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል። ከዚያ በኋላ የሄዱባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። በጓቲማላ የአገሬው ወጣቶች የራሳቸውን ቡድን እንዲያቋቁሙ አሠልጥነዋል። በክሮኤሽያ በቩኮቫር ከተማ አቅራቢያ በኦቭቻራ የነበረውን የጅምላ መቃብር በ1992 ለይተው ያመለከቱ ሲሆን፣ በ1996 ከዚያ የሁለት መቶ ሰዎች አስከሬን ወጥቷል።

በኤልሳልቫዶር ኤል ሞሶቴ በተባለች መንደር በዲሴምበር 1981 የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ለማጣራት በ1992 በተደረገው ምርመራም ተሳትፈዋል። በአንድ አነስተኛ ሕንፃ ፍርስራሽ ውስጥ የ143 ሰዎች አፅም ሲገኝ፣ ከእነዚህ ውስጥ 136ቱ ሕፃናትና ታዳጊዎች ነበሩ። የኤልሳልቫዶርና የአሜሪካ ባለሥልጣናት ለዓመታት ግድያውን ሲያስተባብሉ ቆይተዋል። ሆኖም በቦታው ከተሰበሰቡት 245 ቀለሆች መካከል ምልክታቸው የሚነበበው 184ቱ በአሜሪካ የመንግሥት የጥይት ፋብሪካ የተሠሩ ሆነው ተገኙ። ዶክተር ስኖው ማስረጃው ወደ ገዛ አገራቸው በሚያመለክትበት ጊዜም የሥራ መመዘኛቸውን አልቀየሩም።

በ1991 እና በ1992 ወደ ሰሜን ኢራቅ በመዝለቅ በ1988 በኩርዶች ላይ የተካሄደውን የአንፋል ዘመቻ መርምረዋል። በኮሬሜ መንደር በጥይት ተረሽነው የተቀበሩ የ27 ወንዶችን አፅም ከባልደረቦቻቸው ጋር አውጥተው ዝርዝር ሪፖርት አዘጋጁ። ይህን ማስረጃ የሚሰማ ፍርድ ቤት እስኪገኝ አሥራ አራት ዓመታት አለፉ። በኖቬምበር 2006 የሰባ ስምንት ዓመቱ አዛውንት ባግዳድ ውስጥ ሳዳም ሁሴንና ሌሎች ተከሳሾች ባሉበት ችሎት ቀርበው በኮሬሜ ያዩትን አስረዱ።

በእነዚያው ሳምንታት በአዲስ አበባም አንድ ረጅም የፍርድ ሂደት ወደ ፍጻሜው ተቃርቦ ነበር። የደርግ መንግሥት ከወደቀ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የቀይ ሽብርን ወንጀሎች ሲመረምር፣ ዶክተር ስኖው ያሠለጠኑት የአርጀንቲና ቡድን እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሙያዊ እገዛ ሰጥቷል። ቡድኑ ከሠራባቸው ስፍራዎች አንዱ በአዲስ አበባ ኮተቤ የሚገኝ የጅምላ መቃብር ነው። ከዚያ በወጡ አፅሞች አንገት ላይ የናይሎን ገመድ እንደታሰረ መገኘቱ ሟቾቹ እንዴት እንደተገደሉ ያለ ቃል ተናገረ። ከዓመታት በፊት በቡዌኖስ አይረስ በፍርሃት ብሩሽ ያነሱት ተማሪዎች አሁን አሠልጣኝና አማካሪ ሆነው በሌላ አህጉር ላሉ ቤተሰቦች ይሠሩ ነበር።

በአገራችን ክስ የአፅሙ ማስረጃ ብቻውን አልቆመም። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በአመዛኙ የተመረኮዘው የደርግ ጽሕፈት ቤቶችና የቀበሌ አካላት ራሳቸው ጽፈው፣ ፈርመውና ማኅተም አድርገው ባስቀሯቸው ሰነዶች ላይ ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. መታየት የጀመረው የዋናዎቹ ባለሥልጣናት ክስ ከአሥራ ሁለት ዓመታት በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በጥፋተኝነት ውሳኔ ተቋጨ። በአርጀንቲና የመቃብር ጸሐፊ መዝገብ፣ በኢትዮጵያ የቢሮ ፋይል ከአፅሙ ጎን ቆሞ መሰከረ ማለት ነው።

ዶክተር ስኖው በባርኔጣቸው፣ በቴክሳስ ጫማቸውና ከእጃቸው በማይለየው ሲጋራ የሚታወቁ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ነበሩ። በችሎት ፊት ሲቆሙ ግን ከሚያውቁት በላይ አንዲት ቃል አይጨምሩም። የግድያው መንስኤና የገዳዩ ማንነት የዳኞች ጉዳይ እንደሆነ፣ የእርሳቸው ድርሻ አጥንቱ የሚያሳየውን ብቻ ማስረዳት መሆኑን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሙያው የማይመልሰው ጥያቄ እንዳለም ተቀብለው ኖረዋል። ከመረመሯቸው አፅሞች ብዙዎቹ በሕይወት ዘመናቸው ስም አላገኙም፤ አንዳንዶቹም ስማቸው የታወቀው የዘረመል ምርመራ ከተስፋፋ በኋላ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ግን መጀመሪያ በአግባቡ በመውጣታቸውና በመመዝገባቸው ነው።

ሞት ወደ መኖሪያቸው በቀረበ ጊዜም ከሥራቸው አልራቁም። በ1995 በኦክላሆማ ሲቲ የመንግሥት ሕንፃ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት 168 ሰዎች ሲሞቱ ሰለባዎቹን በመለየት ተባብረዋል። የአሠልጣኝነት ጥረታቸው ፍሬም በቺሊ፣ በጓቲማላና በፔሩ በተቋቋሙ ብሔራዊ ቡድኖች ታይቷል። ዘላቂ ሥራ የሚሠራው የውጭ ባለሙያ ደርሶ ሲመለስ ሳይሆን የአገሩ ልጅ ሙያውን ሲይዝ መሆኑን በተግባር ያሳዩበት ይህ መንገድ ከትሩፋቶቻቸው ሁሉ የላቀ እንደሆነ የሙያ ባልደረቦቻቸው ይመሰክራሉ።

ዶክተር ክላይድ ስኖው ሜይ 16 ቀን 2014 በኦክላሆማ ግዛት በኖርማን ከተማ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የርሳቸው ሕይወት ስለ አንድ ሊቅ ታታሪነት ብቻ የሚናገር አይደለም። ትእዛዝ ሰጪዎች ያልፋሉ፤ ሹመትም ይሻራል። ቀኑን፣ ዕድሜውንና የሞቱን ምክንያት በትክክል የጻፈ ስሙ ያልታወቀ አንድ የመቃብር ጸሐፊ ግን፣ ሳያውቀው ለአንዲት እናት የልጇን መቃብር አቆይቶላታል። የሐሰት የሞት ማስረጃ የፈረመው ሐኪምም እንዲሁ ፊርማው ከፋይሉ አልጠፋም። አፅሙ ከመሬት ሲወጣ የሚመሳከረው በእነዚህ ወረቀቶች ነውና፣ በየጠረጴዛው ላይ በየዕለቱ የሚሞላው ቅጽ አንድ ቀን የምስክር ወንበር ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል ማሰብ ለመዝገብ ያዥ ሁሉ ተገቢ ነው።